ያ ሁሉ ነፋስ ለምን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዳማ ነኝ፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ። የኤሚሊ ብሮንቴን «ዋዘሪንግ ሃይትስ» አንብበን መቼቱን፣ ምስሎቹንና አተራረኩን እንድንተነትን ታዘናል። ሁለት ምዕራፍ አንብቤ ተውኩት። ነፋስ፣ በረዶ፣ የድንጋይ ቤት፣ እንደገና ነፋስ። ቆይቼ ቀጣዮቹን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ደግሞ ማን እያወራ እንደሆነ ጠፋኝ። ጎቲክ ነው ይሉታል፣ እኔ ግን እስካሁን ምንም አልፈራሁም። ምን ይሻለኛል? (የጨነቃት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ምዕራፍ ብትጨምሪ ኖሮ ትፈሪ ነበር። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ነፋሱ። የአዳማ ልጅ ሆነሽ ነፋስ ሰለቸኝ ማለትሽ ትንሽ አሳቀኝ። ከተማችን ዳር የቆሙት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ብቻ 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንስቶ ሲመጣ በሩ ድው ይላል፣ የተሰጣ ልብስ ጎረቤት ግቢ ይገኛል፣ እኛ ቤት ደግሞ የጓዳው ቆርቆሮ እንዳይነሳ ድንጋይ ተጭኖበታል። እንግዲህ «ዋዘሪንግ» የሰሜን እንግሊዟ የዮርክሸር ሰዎች የራሳቸው ቃል ነው፤ ዐውሎ ሲነሳ ያን ከፍታ የሚያናውጠውን የአየር ሁከት ይገልጻል። የቤቱ ስም ራሱ ነፋስ ነው ማለት ነው። ግንበኛው ይህን አውቆ መስኮቶቹን ጠባብ አድርጎ ወደ ግድግዳው ጠልቀው እንዲገቡ ሠራቸው፣ ማዕዘኖቹንም ወጣ ወጣ ባሉ ትልልቅ ድንጋዮች አጠናከራቸው።

አሁን ዛፎቹን ተመልከቺ። ከቤቱ ጫፍ ያሉት የቀጨጩ ጥዶች ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። እሾሃማ ቁጥቋጦዎቹ ቅርንጫፋቸውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዘርግተዋል፣ ፀሐይን ምጽዋት የሚለምኑ ይመስላሉ። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተዘረጋ እጅ ታይቶሽ ከሆነ ምስሉ ገብቶሻል። አንባቢ ግን ይህችን መስመር «የመልክዓ ምድር ገለጻ» ብሎ ይዘላታል። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ዘልያት ነበር። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ሂትክሊፍ፣ ያ በልጅነቱ የተዋረደው ሰው፣ ያዋረደው ሂንድሊ ሲሞት የሟቹን ልጅ ሄርተንን ይረከበውና እንዲህ የሚል ነገር ይናገራል፦ ያው ነፋስ ከጠመዘዘው ይህኛውስ ዛፍ እንደዚያኛው አይጎብጥ እንደሆነ እናያለን! በቃ። ያ ሁሉ ነፋስ የተነፈሰው ለዚህ ነው። ጥዶቹ ሰዎች ነበሩ። መቼቱና ምስሉ ሁለት የተለያዩ ርዕሶች እንዳልሆኑ ከዚህች አንዲት መስመር ማሳየት ትችያለሽ፣ እኔ ብሆን ጽሑፌን የምጀምረው በእሷ ነው።

ሁለተኛው ቤት ትራሽክሮስ ግሬንጅ ይባላል። አራት ማይል ራቅ ብሎ ከታች በሸለቆው ውስጥ ያለ፣ ቀይ ምንጣፍና የወርቅ ጠርዝ ያለው ጣሪያ ያማረበት ቤት ነው። ሂትክሊፍና የሂንድሊ እህት ካትሪን ልጆች ሳሉ በመስኮቱ አጮልቀው ያዩታል፣ ውሻው ካትሪንን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይነክሳታል፣ ቤተሰቡም ወደ ውስጥ ያስገባትና አምስት ሳምንት ያስቀምጣታል። እሱን ያባርሩታል። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ቀሩ። መስኮት ባየሽ ቁጥር እርሳስ አንሺ።

ማን ነው የሚያወራው ላልሽው፣ እስቲ ወደኛ ሰፈር አምጪው። አንድ ሰው ከሌላ ከተማ መጥቶ ቤት ይከራያል። አከራዩ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ተከራዩ ምን ያደርጋል? ቤቱን የምታውቀውን ሴት ይጠይቃል። ሎክውድ ማለት ይህ ተከራይ ነው፣ አከራዩ ሂትክሊፍ፣ ዘመኑ 1801። ብርድ መቶት አልጋ ላይ ሲውል ኔሊ ዲን የምትባለው የቤቱ ሠራተኛ የእጅ ሥራዋን ይዛ አጠገቡ ትቀመጥና የሁለቱን ቤቶች ጉድ ከሥሩ ጀምራ ታወራለታለች። ስለዚህ አብዛኛው ልቦለድ ምልሰት ነው፣ ያውም በሁለት አፍ ያለፈ። ኔሊ ለሎክውድ፣ ሎክውድ ለእኛ። አንዳንዴ ሦስተኛ አፍ ይጨመራል፣ ለምሳሌ የሂትክሊፍ ሚስት ኢዛቤላ ለኔሊ የላከችው ደብዳቤ ሙሉውን ይነበባል። ገጹ ጫፍ ላይ «ኔሊ»፣ «ሎክውድ» እያልሽ ጻፊበት፣ መጥፋቱ ይቀርልሻል።

ግን ኔሊን ዝም ብለሽ አትመኛት። አስተዋይ ናት፣ ሩኅሩኅ ናት፣ እጇ ግን በነገሩ ውስጥ አለበት። ካትሪን ወጥ ቤት ቁጭ ብላ «ሂትክሊፍን ባገባ ራሴን ማዋረድ ነው» ስትል እሱ ከአግዳሚው ወንበር ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ተነስቶ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ኔሊ ታየዋለች። ለካትሪን ወዲያው ትነግራታለች? አትነግራትም። ካትሪን ቀጥላ እሱና እሷ አንድ ነፍስ እንደሆኑ ትናገራለች፣ ያን ክፍል ግን እሱ አልሰማም፣ ሄዷል። ሦስት ዓመት ይጠፋል። ይህን ሁሉ የምትነግረን ኔሊ ራሷ ናት፣ እንደ ዋዛ፣ ሰው ቡና ላይ የራሱን ጥፋት በጎን እንደሚያሳልፈው። ጥሩ ማርክ የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጎቲክ ማለት አስፈሪ ታሪክ ማለት ብቻ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። ስሙ የተያያዘው ሆረስ ዋልፖል በ1764 ካሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» ጋር ነው፤ በሁለተኛው እትም «ጎቲክ ታሪክ» ብሎ ጠራው። አሮጌ ግንብ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ያልተቀበረ የቤተሰብ ምስጢር፣ እነዚህ የዘርፉ ዕቃዎች ናቸው። ብሮንቴ በ1847 ዕቃዎቹን ከሩቅ አገር ግንብ አውጥታ በራሷ አገር የገበሬ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

ጥያቄ፦ መስኮት ላይ የመጣችው ሴት መንፈስ ናት ወይስ ሕልም? ከጓደኛዬ ጋር ተጣልተንበታል። (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ላልጀመሩት እንናገር። ሎክውድ በረዶ ይዞት አከራዩ ቤት ያድራል። የጥድ ቅርንጫፍ መስታወቱን እየመታ እንቅልፍ ሲነሳው ሊይዘው እጁን በመስታወቱ አሳልፎ ይሰዳል። የያዘው ግን የልጅ እጅ ነው፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ። «አስገባኝ» ትላለች። እሱ ፈርቶ አንጓዋን በተሰበረው መስታወት ላይ ደሙ አልጋውን እስኪያርስ ይፈገፍገዋል። ይህን የሚያደርገው ጨዋው የከተማ ሰው ነው እንግዲህ!

ሕልም ነው ለሚለው ወገን ማስረጃ አለ፤ ከመተኛቱ በፊት የካትሪንን ስም መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቧጥጦ ደጋግሞ አንብቧል። ለሌላውም አለ፤ ሎክውድ ራሱ እንደሚገርመው ብዙ ጊዜ ያነበበው ኧርንሾው የሚለውን የአባቷን ቤት ስም ሆኖ ሳለ ልጅቷ «ካትሪን ሊንተን ነኝ» አለችው፣ በልጅ ድምፅ የትዳር ስሟን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሂትክሊፍ እዚያው ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ፣ ዝናብ አርሶት፣ ሞቶ ይገኛል። የሚወዛወዘው መስኮት እጁን ልጦታል፣ ደም ግን አልወጣም። ከፊተኛው ደም ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ አትጣሉ፣ ደራሲዋ በሩን ሆን ብላ ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው። አንድ እረኛ ልጅ እያለቀሰ ሂትክሊፍንና አንዲት ሴት ከኮረብታው ሥር አየሁ ይላል፣ በጎቹም አላልፍ ብለዋል። ኔሊ ወሬውን ተረት ነው ትላለች። አላምንም ትላለች። ከዚያ ቀጥላ ግን በጨለማ መውጣት እንደማትወድ፣ እዚያ ቤት ብቻዋን መቅረትም እንደማትፈልግ ትናገራለች።