ደንቡን ከኮዱ ስለመለየት፦ ለወጣት ፕሮግራመሮች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

የደመወዝ፣ የብድር ወይም የታሪፍ ሥርዓት የሚሠራ ፕሮግራመር ከሁሉ አስቀድሞ «ይህን ቁጥር የመለወጥ ሥልጣን የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሥልጣኑ የሕግ አውጪው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሆነ፣ ቁጥሩ በኮድ ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም።

የደመወዝ ግብርን እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እስከ 600 ብር የሚደርስ ወርሃዊ ደመወዝን ከግብር ነጻ ያደርግ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ግን ወሰኑን ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ መደቦቹንም፣ ማለትም እያንዳንዱ የግብር መቶኛ የሚሠራባቸውን የደመወዝ ክልሎች፣ ለወጠ። ወርሃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በቀድሞው ሠንጠረዥ 2,700 ብር ይከፍል የነበረው በአዲሱ 2,250 ብር ይከፍላል። መጠኖቹ በየፋይሉ ተበታትነው በተጻፉበት ቦታ፣ አዋጁ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራመሩ በደመወዝ ስሌቱ፣ በትርፍ ሰዓቱና በሪፖርቱ ውስጥ እያንዳንዱን ቁጥር ሲፈልግ ይከርማል፤ አንዱ ቢያመልጠው ጉዳቱ የሚያርፈው በሠራተኛው ኪስ ላይ ነው።

ደንቡን ለይቶ ማውጣት ቁጥሩን ወደ ዳታቤዝ በማዛወር ብቻ አያበቃም። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀኑን ነው። እያንዳንዱ የሠንጠረዥ መስመር ከደመወዙ መነሻና መድረሻ፣ ከመቶኛውና ከተቀናሹ (በመቶኛው ከተሰላው ላይ ከሚቀነሰው ቋሚ ቁጥር) ጋር ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና መያዝ አለበት። አዲሱ ሠንጠረዥ የሚጸናው ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሆነ፣ ኦዲተር የሰኔን የደመወዝ መክፈያ እንደገና አውጡልኝ ቢል፣ የቀድሞውን ቁጥር ደምስሶ በአዲሱ የተካ ሥርዓት ለሰኔም የሐምሌን ግብር አስልቶ ያቀርባል፤ ይህም በወቅቱ ለመንግሥት ገቢ ከተደረገው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የነበረውን መስመር አትሰርዙ፤ የሚያበቃበትን ቀን ሙሉበትና አዲሱን ከሥሩ ጨምሩ።

እንዲህ ላለው ጉዳይ ቀኑን የያዘ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ሩል ኢንጅን፣ ማለትም ከኮዱ ተለይተው የተጻፉ ደንቦችን እያመዛዘነ የሚፈጽም ሶፍትዌር፣ መትከል ትርፍ ድካም ነው። እንደ ድሩልስ ያለ ሩል ኢንጅን ዋጋው የሚታየው ደንቦቹ ብዙ ሲሆኑና እርስ በርሳቸው ሲነካኩ፣ ለምሳሌ ብድር ሲፈቀድ የደንበኛው ገቢ፣ መያዣው፣ የቀድሞ ዕዳውና የሥራ ዘርፉ አብረው ሲመዘኑ ነው። ከእነዚህ ኢንጅኖች ብዙዎቹ መሠረታቸው ቻርልስ ፎርጂ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የቀመረው ሬቴ የተባለ ስልት ነው። ሬቴ በከፊል የተሟሉ ሁኔታዎችን ስለሚያስታውስ፣ አንድ መረጃ ሲለወጥ የሚፈትሸው ለውጡ የሚነካቸውን ደንቦች እንጂ ሁሉንም አይደለም። ይሁን እንጂ ደንቦቹ የሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል እናንተ እንደጻፋችኋቸው አይደለም፤ አንዱ ደንብ የለወጠው መረጃ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ደግሞ መልሶ የመጀመሪያውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህን ሳይረዱ ለየደንቡ የቅድሚያ ቁጥር በመስጠት ቅደም ተከተሉን ለማስገደድ የሚሞክሩ ወጣቶች ያሳስቡኛል፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ደንቡ ቀድሞ ተቀብሮበት ከነበረው ኮድ ይልቅ ለማንበብ ይከብዳልና።

ደንቡ ከኮድ ወጣ የሚባለው የሂሳብ ሹሙ ነጋሪት ጋዜጣውን ከጎኑ አስቀምጦ ሠንጠረዡን ከእሱ ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ሲችል ነው። ቢሆንም ሠንጠረዡን በቀጥታ ሥራ ላይ እንዲለውጥ አትፍቀዱለት፤ የደንብ ለውጥም እንደ ኮድ ለውጥ ተፈትኖ፣ በሁለተኛ ሰው ታይቶ፣ ማን መቼ እንዳጸደቀው ተመዝግቦ ይግባ። ፈተናው ደግሞ ከመደቦቹ ድንበር ይጀምር። በአዲሱ ሠንጠረዥ የ14,000 ብር ደመወዝ በ30 በመቶ ተሰልቶ 1,350 ብር ቢቀነስም፣ በ35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ብር ቢቀነስም ግብሩ 2,850 ብር ነው፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ከመቶኛው ወይም ከተቀናሹ አንዱ ተሳስቶ ገብቷል ማለት ነውና ደመወዝ ሳይወጣ ወደ ሹሙ መልሱት።