ሴንሰርህ አልሞተም፤ ኤፍ/16ን ተው

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። ከ24 ሜጋፒክሰል ወደ 61 ሜጋፒክሰል ፉል ፍሬም ሚረርለስ ካሜራ ተሻግሯል። ሌንሱ የድሮው ነው። አሁን የመልክዓ ምድር ፎቶዎቹን መቶ ፐርሰንት አጉልቶ ሲያያቸው ይደበዝዛሉ፣ ይሻክራሉ። ሰማዩ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። በተከታታይ ሲያነሳ ካሜራው ይቆምበታል። አንድ ጠጋኝ «ሴንሰሩ ሞቷል» አለው፤ ሴንሰር ማለት ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል ነው። ሌላው በጣሳ የታሸገ አየር ነፋበትና በነጥቡ ላይ እድፍ ጨመረለት።

ወንድሜ፣ ሴንሰርህ ጤነኛ ነው ባይ ነኝ። ያጋለጡህ ነጥቦቹ ናቸው። አቧራ የሚያርፈው ከሴንሰሩ ፊት ባለው መስታወት ላይ ነው። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ሰፊ ሲሆን ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የአቧራው ጥላ ይበተናል። አፐርቸሩን ስታጠበው ጥላው ጠቁሮ ይወጣል። ነጥቦቹ እንዲህ ጎልተው ከታዩህ ሁልጊዜ የምትሠራው ኤፍ/16 ወይም ኤፍ/22 ላይ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠብባል። ድብዘዛውም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል።

ይቺን ነገር ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ብዙ ሰው እሷን ባለማወቁ ነው በከንቱ ሌንስ የሚቀያይረው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይዘረጋል። አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስትደርስ ነጥብ ሆና አትቀርም፤ ትንሽ ክብ ትሆናለች። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ለአረንጓዴ ብርሃን ስናሰላው፣ ኤፍ/5.6 ላይ የክቡ ስፋት 7.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። ኤፍ/8 ላይ 11 ይጠጋል። ኤፍ/11 ላይ 15 ገደማ ይሆናል። ኤፍ/16 ላይ ከ21 ያልፋል። አሁን ወደ ፒክሰሎቹ እንምጣ። የድሮው ካሜራህ ፒክሰል 6 ማይክሮን ያህል ነበር። የአዲሱ 3.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ኤፍ/16 ላይ ያ ክብ በድሮው ካሜራ ሦስት ተኩል ፒክሰል ያህል ይሸፍን ነበር፤ በአዲሱ ግን ከአምስት ተኩል በላይ ይሸፍናል። አጉልተህ ስታየው ብዥ የሚልብህ እሱ ነው። ልብ በል፣ ክቡ ራሱ አልተለወጠም። ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ መጠን ብታትማቸው አዲሱ ከድሮው አይብስም። ግን 61 ሜጋፒክሰል የገዛህበት ጥቅም አብዛኛው እዚያ ላይ ይቀልጣል። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድነውም፤ የብርሃን ጠባይ ነው።

እንግዲህ ከኤፍ/5.6 እስከ ኤፍ/8 ሥራ። ጥልቀት ካስፈለገህ፣ ማለትም ቅርቡም ሩቁም ጥርት እንዲል ከፈለግህ፣ እስከ ኤፍ/11 ሂድ። ያም ካልበቃህ ፎከሱን እያንቀሳቀስክ ደጋግመህ አንሳና ኮምፒውተር ላይ አዋህዳቸው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ እጅህ ነው። ኤፍ/16 ብርሃን ስለሚቀንስ ሹተሩን (ብርሃኑን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ያዘገያል። በፊልም ዘመን ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ 1/50 ሰከንድ ይበቃል ይባል ነበር። ለዚህ ሴንሰር ግን ያ አይበቃም፤ እኔ ቢያንስ 1/125 እላለሁ፣ ብርሃን ካለ 1/250። ለማረጋገጥ ካሜራውን ጠንካራ ትራይፖድ ላይ አድርገው። ነፋስ ሲመጣ የሚወዛወዘውን የፕላስቲክ ትራይፖድ አላልኩም፤ እሱ የፈተናውን ውጤት ያበላሽብሃል። ከሌንሱ ፊት ያለውን ርካሽ ፊልተር አውልቅ። ያ መስታወት ስንት ጥሩ ሌንስ እንዳሳማ አይቻለሁ! ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፍ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/5.6፣ የሁለት ሰከንድ ታይመር፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው ጠፍቶ፣ ፎከሱ በእጅ። ፊደሎቹ ጥርት ካሉ ሴንሰሩም ሌንሱም ደህና ናቸው። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ወድቋል፣ ወይም ከፍቶት የነበረ ሰው ከማውንቱ (ሌንሱ ካሜራው ላይ ከሚገጠምበት) ሥር ያሉትን ስስ ቀለበቶች በትክክል አልመለሳቸውም። ይህን ዓይነት ጥገና ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምጠይቅህ፦ ሌንሱ ተከፍቶ ያውቃል?

መሻከሩ ብዙም አያስጨንቅህ። አዲሱን ፎቶ ወደ 6000 ፒክሰል ስፋት አሳንሰህ ከድሮው ጎን አስቀምጠው። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ካሜራው የሚቆመው ባፈሩ፣ ማለትም ፎቶዎቹ ካርድ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበት ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ሞልቶ ነው። ያልተጨመቀ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) በዚህ ሴንሰር አንዱ 120 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ቪ30 የተጻፈበት ካርድ ዋስትና የሚሰጥህ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ነው። አንዱን ፎቶ ለመጻፍ አራት ሰከንድ ማለት ነው። ቪ90 ካርድ ግዛ፣ ወይም የተጨመቀ ሮው ምረጥ። ስም የለሽ ካርድ ግን አደራ፣ አትግዛ። ፋይል ይበላል።

ደግሞ የድሮውን ካሜራ አትሽጠው። 24 ሜጋፒክሰል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 50 በ34 ሴንቲሜትር ያትማል። ለሠርግና ለዝግጅት ከበቂ በላይ ነው፣ ፋይሉም ይቀልልሃል። 61ዱን ለትልቅ ኅትመትና አጥብቀህ ለምትቆርጠው ፎቶ ያዘው።

አሁን ወደ እድፉ። በጣሳ የታሸገ አየር ሴንሰር ላይ አይነፋም! ጣሳው ዘንበል ሲል በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀዝቅዞ ይረጫል፣ መስታወቱ ላይም ይደርቃል። ግፊቱ የሹተሩን ስስ ምላስ ሊያጣምም ይችላል። በመጀመሪያ ባትሪውን ሙላ፣ ካሜራውን በማጽጃ ሞድ ላይ አድርገው፣ አፉን ወደ ታች አዙረው፣ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ንፋ። እድፉ ካልለቀቀ ለፉል ፍሬም የተሠራ ስዋብ (የሴንሰር መጥረጊያ) ውሰድ። ሁለት ጠብታ የሴንሰር ማጽጃ ፈሳሽ አንጠብጥበት። ከዳር እስከ ዳር አንዴ ጎትት፣ በሌላው ጎኑ አንዴ መልስ፣ ከዚያ ጣለው። አትጫነው፤ የማረጋጊያ ሥርዓት ያለው ሴንሰር ተንሳፋፊ ነው። በደረቅ ጥጥ አትንካው፣ በመነጽር ማጽጃም አትሞክረው። ሁለት ስዋብ ጨርሰህ እድፉ ካልወጣ አቁምና ለባለሙያ ስጠው። ስትሰጠውም አስቀድመህ «በምን ነው የምታጸዳው?» ብለህ ጠይቅ። ጣሳውን ካነሳ ካሜራህን ይዘህ ውጣ።