መሪ ሲከብድ ፓምፑን አትክሰሱ

ልጆቼ፣ ገበሬው ትራክተሩን ደጃችሁ አቁሞ «መሪው ከበደኝ» ሲላችሁ እጃችሁ መሪውን የሚያቀለውን ዘይት ወደሚገፋው ፓምፕ አይሩጥ። የኔ ሮጦ ስለነበር ነው የምነግራችሁ።

ኮምቦልቻ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ አዛውንት ከጨፋ በኩል ትንሽ ትራክተር ይዘው መጡ። መሪው እየዘለለ ነው የሚዞረው፤ ፓምፑ እንደ ውሻ ያላዝናል። «አብሽሩ፣ አያ» ብዬ አዲስ ፓምፕ አስገዛኋቸው። ገጠምኩት፤ ያው ማላዘን። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ ተገኘ፦ ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ኖሯል። በካቻቢቴ ሁለት ዙር! የማሽላቸውን ዋጋ ነበር ያስበላኋቸው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያታለለኝ ቱቦው አለመንጠባጠቡ ነው። ፓምፑ በዚያ በኩል ይስባል እንጂ አይገፋም። ክፍተት ሲያገኝ ዘይት ከማፍሰስ ይልቅ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ይጨመቃልና መሪው ይዘላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። መጉደሉን፣ ከዚያም መልኩን። አረፋ ከያዘ አየር፣ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ ግሪስ ለቅልቁበት፤ ጩኸቱ ከቀነሰ ቀዳዳው እዚያው ነው። ካጠበቃችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ፦ ፊቱን በክሪክ አንስታችሁ፣ ጠንካራ ድጋፍ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን በዝግታ እያሠራችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩ፤ ዘይት ሲጎድል ሙሉ። ዳር ላይ ግን ጨምቃችሁ አትያዙት፣ ዘይቱን ታቃጥሉታላችሁ።

ጎማዎቹ ከመሬት በተነሱበት አንድ ነገር አትርሱ። በዘይት ግፊት ጎማዎቹን የሚያዞረውን የመሪውን ሲሊንደር ከዘንጉ አላቁና ጎማዎቹን በእጃችሁ ግፉ። ያኔም ከከበዱ ነገሩ ከሃይድሮሊኩ አይደለም፤ ግሪስ አጥቶ የደረቀ የጎማው ማዞሪያ ነው። የጎማ ነፋስ ማነስም እንዲሁ ያከብዳል፤ ይህን ሳያይ ስንቱ ዘይት ቀይሯል!

ደግሞ ጠይቁ፦ መቼ ነው የሚከብደው? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ላይ ያደረ ዘይት ይወፍራል። ጠዋት ከብዶ ሲሞቅ የሚቀል ከሆነ የዘይቱን ዓይነትና ፊልትሮውን ተመልከቱ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ነው የሚከብደው? እንግዲያው ዘይቱ ሲቀጥን በተበላ ነገር መካከል እየሾለከ ነው፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ መሪው ሥር ያለው ቫልቭ ወይም ፓምፑ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሚፈስ ቱቦ በእጃችሁ አትዳብሱ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። በካርቶን ፈልጉት። ከወጋችሁ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ እጅ የሚያስቆርጥ ነገር ነው።

በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ግጠሙና ቁጥሩን ከትራክተሩ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ዝቅ ካለ መጀመሪያ የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ ፍቱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክፍት አድርጋው ልትቀር ትችላለች። አጽድታችሁ መልሳችሁ ለኩ። አሁንም ዝቅ ካለ፣ በሉ እንግዲህ ፓምፑን ፍቱት።