ጎረቤቴን ለምስጋና ልጠቁማት፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ወረዳ አስተዳደርና ስለ ነዋሪው ናቸው። ጸደይ ሲገባ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ይበዙብኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወረዳችን አስተዳደር በዚህ ጸደይ በጎ የሠሩ ነዋሪዎችን ሊያመሰግን ጥቆማ እየተቀበለ ነው። እኔም የምጠቁማት ጎረቤት አለችኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሰፈራችንን የጎርፍ መውረጃ ቦይ በገዛ እጇ ትጠርጋለች። ይህን ማድረግ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ያዘዛት የለም፤ የከፈላትም የለም። ቅጹ «የእጩው መልካም ሥራ በ200 ቃላት ይገለጽ» ይላል። ሦስት ማታ ተቀምጬ «ቅን፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ» ከማለት አላለፍኩም። ደግሞ ሰው ፊት መቆም የምትወድ ሴት አይደለችም። ሳልነግራት ልጠቁማት ወይስ ልንገራት? ማስገቢያው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።
*ግራ የገባኝ ጎረቤት*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ጥቆማ የሚመርጥ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ቅጾቹን እየከፈትኩ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግርህ ከዚያ ጠረጴዛ ያየሁትን ነው።

አንድ ማታ ከሠላሳ በላይ ቅጽ ነበረን። ታታሪ። ቅን። ለኅብረተሰቡ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከተ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ዛለ። የአባላቱም ዓይን ወደ ግድግዳው ሰዓት መሄድ ጀመረ። ሰዎቹ መልካም ስላልነበሩ አይደለም። ግን ሁሉም አንድ ሰው መሰሉብን።

ከዚያ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ወጣ። የጻፈው ተማሪ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከመስመር እየወጣ። ልጆችን መንገድ ስለሚያሻግሩ አንድ አዛውንት ነበር። «ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ» ይላል። «ዝናብ ሲሆን ሁለት ጃንጥላ ይይዛሉ። አንዱ የእሳቸው ነው። አንዱ ጃንጥላ ለረሳ ልጅ ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ አባል «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። በዚያ ዓመት አዛውንቱ ተመረጡ። ያስመረጣቸው ሁለተኛው ጃንጥላ ነው።

አንተም ቅጹን ለጊዜው አስቀምጠውና ወጥተህ ቦዩን እየው። ከየት እስከ የት ነው የምትጠርገው? ስንት እርምጃ ይሆናል? የምታወጣው ምንድን ነው፤ ፌስታል ነው፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ደለል ነው? በአካፋ ነው ወይስ በእጇ? በስንት ሰዓት ትወጣለች? ቆሻሻውን አውጥታስ የት ታደርሰዋለች? ይህን ከጻፍክ «ታታሪ» የምትለው ቃል አያስፈልግህም። ያነበበው ሁሉ ራሱ ይላታል።

ቀጥሎ ደግሞ ይህን ጠይቅ፦ እሷ መጥረግ ሳትጀምር በፊት ውሃው የማን ቤት ይገባ ነበር? ለእኔ ትልቋ ጥያቄ ይህች ናት። ቦይ ሲደፈን ውሃው ቆሞ አይቀርም፤ ዝቅ ብሎ ወዳለው ቤት ይሄዳል። እዚያ ቤት ያሉትን ሄደህ አናግራቸው። ፍራሻቸው ርሶ ያውቃል? አሁንስ? ሁለት መስመር ይጻፉልህና ይፈርሙ። በብሪታንያ ማንም ሰው ሌላውን ለአገሪቱ የክብር ሽልማት መጠቆም ይችላል፤ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አያይዝ ይባላል። የወረዳችሁ ቅጽ ይህን ባይጠይቅም አያይዘው። ከአንተ ሌላ የሚመሰክር ሲኖር ኮሚቴ ልቡ ይረጋል።

«ቦይ መጥረግ ለሽልማት ይበቃል ወይ?» ብለህ እንዳታመነታ። በካናዳ የበጎ ፈቃደኞች ሳምንት በየዓመቱ በሚያዝያ ገደማ ይከበራል። እ.ኤ.አ. በ1943 ሲጀመር የታሰበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገር ቤት ሆነው ጥረቱን ያገዙ ሴቶችን ለማመስገን ነበር። ጦር ሜዳ አልዋሉም፤ ግን ያለ እነሱ ሥራው አይሆንም ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ተመሳሳይ ሳምንት አላት፤ እሱም በሚያዝያ ነው። የአንተም ጎረቤት ከእነዚያ ሴቶች ወገን ናት። ሥራዋ የሚታወቀው ባልሠራችው ቀን ነው።

ልንገራት ወይ ላልከው፣ ንገራት ባይ ነኝ። ቅድም ባነሳሁት በብሪታንያው አሠራር ጠቋሚው ለእጩው ባይናገር ይመረጣል። ነገሩ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፤ ላይሳካም ይችላል፤ ሰውን በከንቱ ተስፋ እንዳያሲዙ ነው። ሆኖም የተመረጠው ሰው ስሙ ከመታወጁ በፊት በምስጢር ይጠየቃል። አልፈልግም ማለት መብቱ ነው። ወረዳ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም። ስም ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሳትጠየቅ ስሟ የተጠራ አንዲት ሴት አይቻለሁ። ፊቷ አመድ መሰለ። መድረክ ላይ ከመውጣት ይልቅ በጓሮ በር መውጣትን መረጠች። ልናስደስታት ብለን አስጨነቅናት። እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ ሂድና «ስምሽን ልሰጥ አስቤያለሁ፤ ፈቃድሽ ነው?» በላት። መድረኩን ከፈራች ቅጹ ላይ ጻፈው፦ «እጩዋ በአደባባይ መጠራት አትፈልግም፤ ምስጋናው በሰፈሯ ይድረሳት።» እሺ የሚል ኮሚቴ ታገኛለህ። እኛ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ምስጋናው የጥገና ምትክ እንዳይሆን። ከጥቆማው ጋር ሌላ ደብዳቤ ለወረዳው ጻፍ። ቦዩ በመደበኛ የጽዳት መርሐ ግብር ይግባ። ቆሻሻው ተጠርጎ ሲወጣ የሚያነሳው መኪና ይመደብ። ለእሷም ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጣት። የአንዲት ሴት ወገብ የወረዳ የጎርፍ መከላከያ ሊሆን አይገባም። የምስክር ወረቀት ሰጥተው ቦዩን ለእሷ ትተውት ከሄዱ፣ አመሰገኗት ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። በየጸደዩ አራት ገጽ የዜና በራሪ ወረቀት እናወጣለን። ሰው አያነበውም። ባለፈው ዓመት አንድ ክምር መግቢያው ላይ ዝናብ መታው። ምን ላድርግ?
*ተስፋ ልቆርጥ የደረስኩ*

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽልኝን እትም አነበብኩት። ፊት ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ስብሰባ ነው። ሁለተኛው ገጽም ስብሰባ ነው። ዋናው ዜና «የመሠረተ ልማት ማሻሻያ ሥራዎች በተቀናጀ መልኩ በመከናወን ላይ ይገኛሉ» ይላል። የትኛው መንገድ? መቼ? እኔ ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ ምን ይገጥመኛል?

እንዲህ ቢባልስ፦ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት ቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው። በእግር ማለፍ ይቻላል።» አጭር ነው፤ ግን ሰው ቆርጦ በር ላይ ይለጥፈዋል። ከማተምሽ በፊት እያንዳንዱን ዜና «ነዋሪው ይህን አንብቦ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ያጣሽለትን ወደ መጨረሻው ገጽ ውሰጂው። አለቃሽ ፎቷቸው ከፊት ገጽ መነሳቱን እንደማይወዱት አውቃለሁ። አንድ እትም ብቻ ለሙከራ ፍቀዱልኝ በያቸው።

ሌላም አለ። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎች በበጀቱ ላይ የሚወስኑበትን ስብሰባ ጀመረች። የዓመቱ ዙር ሲከፈት አስተዳደሩ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ምን ላይ እንደደረሰ ለነዋሪው ያስረዳ ነበር። አንቺም በየእትሙ «ባለፈው ጸደይ ቃል የገባነው» የሚል አንድ ዓምድ ክፈቺ። ያለቀውንም ያላለቀውንም ከነምክንያቱ ጻፊ። ያላለቀውን ስታይ ነዋሪዋ ትናደድ ይሆናል። ግን ታነበዋለች።

የተመስጋኞችንም ዝርዝር እንደ ሎተሪ ዕጣ አትደርድሪው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሰውየው የሠራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ቦታ ካነሰሽ የስብሰባውን ፎቶ ቀንሺው።

ጥያቄ፦ እናቴ አቅመ ደካማ ጎረቤቶቿን ስለምትጠይቅ ባለፈው ጸደይ ወረዳው አመስግኗት ነበር። ግን ስሟ ተሳስቶ ተጠራ። የምስክር ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። «ምን ችግር አለው፣ ዋናው ማሰባቸው ነው» ትላለች። ወረቀቱን ግን እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም፤ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ዓመት አልፎታል። አሁን ሄጄ ብናገር ያስቀይማል?
*ልጇ*

መልስ፦ አያስቀይምም፤ ሂጂ። ዓመት ቢያልፈውም ሂጂ። እናትሽ «ችግር የለም» ማለታቸው ትሕትናቸው ነው። ወረቀቱ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እኔ ወረቀቱን አምናለሁ።

ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። የተመራጮችን ስም በስልክ እየሰማሁ መዘገብኩ። መልሼ ፊደል በፊደል አላነበብኩላቸውም። የአንዲት እናት ስም ላይ አንድ ፊደል ሳትኩ፤ ስሙ የሌላ ሰው ሆነ። በመድረኩ ሲጠሩ ቁጭ ብለው ቀሩ። ጎረቤታቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው ነው የተነሱት። እየተጨበጨበላቸው ነበር። እሳቸው ግን ዙሪያውን ያዩ ነበር፤ ባለስሟ ሌላ ሰው ካለች ብለው።

አንቺ ስትሄጂ አሮጌውን ወረቀት ያዢ። የእናትሽን መታወቂያ ቅጂም ያዢ፤ አጻጻፉ ከዚያ ይወሰድ። ሦስት ነገር ጠይቂ። ወረቀቱ እንደገና ታትሞ ይፈረምበት። መዝገቡ ይታረም፤ ካልታረመ ስሕተቱ በሌላ ወረቀት ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጸደይ ሥነ ሥርዓት ላይ ደግሞ ስማቸው በትክክል ይነበብ። የመጨረሻውን «አይቻልም» ሊሉሽ ይችላሉ። ረጋ ብለሽ ድገሚላቸው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

እኔ የተስተካከለውን ወረቀት ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ግቢ አሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ስማቸውን በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ። ሚስማርና መዶሻ አምጣ አሉት።