«ዋናውን ሰውዬ ጠላሁት»፦ ስለ ልብ ወለድና ስለ ትረካ የአንባቢዎች ጥያቄ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልብ ወለድ ናቸው። አንዳንዱ ያነበበውን ወዷል፣ አንዳንዱ ተናዷል። ያዳመጠውን መጽሐፍ እንደ ንባብ መቁጠር አለመቁጠሩ ግራ የገባውም አለ። ለሁላችሁም የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስሜታችሁን እመኑት፣ ግን ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ፈልጉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ልብ ወለድ የምጨርሰው በጆሮዬ ነው። መንገድ ስሄድ፣ ዕቃ ሳጥብ አዳምጣለሁ። ጓደኞቼ ግን “አንተ ተተረከልህ እንጂ አላነበብከውም” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?»

አይደለም። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጆሮህ ከገባ፣ ሰዎቹን ካወቅሃቸው፣ መጨረሻቸው ካሳሰበህ አንብበኸዋል።

የድምፅ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ መጽሐፍ በሸክላ መቅረጽ ሲጀመር የታሰበው ለዓይነ ስውራን ነው። ከነሱም ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ነበር። አንድ ልብ ወለድ ለመጨረስ ሸክላ ማንሳት፣ መገልበጥ፣ ሌላ ማስቀመጥ፣ እንደገና መገልበጥ ነው። ያን ሁሉ ታግሶ ለጨረሰ ሰው «አላነበብክም» የሚል አንደበት ያለን አይመስለኝም።

ጥናቱም ወደዚያው ያደላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቤዝ ሮጎውስኪና ባልደረቦቿ አንዱን ቡድን አስደመጡ፣ ሌላውን ከስክሪን ላይ አስነበቡ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አደረገ። ወዲያውም ሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች አንድ ዓይነት ታሪክ ሲሰሙና ሲያነቡ አንጎላቸውን ቃኙ። የቃላቱን ትርጉም የሚይዙት ቦታዎች በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ።

ይህን ስል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ዓይን ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ሳናዘው ሁለት መስመር ወደ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ጆሮ ግን ካመለጠው አመለጠው፤ ለመመለስ እጅህን ከሳሙናው አውጥተህ ስልኩን መንካት አለብህ። ስለዚህ ብዙ ሰው፣ ብዙ ዘመን የሚፈራረቅበትን መጽሐፍ በወረቀት ብትይዘው ይሻላል። ታሪኩ ወደፊት የሚገፋውን፣ ወሬው የሚጥመውን ደግሞ ያለ ሐሳብ አዳምጥ።

«በቅርቡ ያነበብኩት ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ አንጀቴን አሳረረው። ወንድሙ የላከውን ደብዳቤ ሳይከፍት ኪሱ ይከታል። ማንበብ ለማትችለው እናቱ ግን ሌላ ወረቀት አውጥቶ “ደህና ነኝ ይላል” እያለ ከራሱ ፈጥሮ ያነብላታል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ወረወርኩት። እንዲህ ያለ ሰው መጻፍ ምን ይጠቅማል?»

መጽሐፉን አላነበብኩትም፣ ግን የጻፍሽልኝን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም ጥሩ ቦታ ነው። ያን ቦታ ያነበብሽው እናትየው አጠገብ ተቀምጠሽ ነው፤ ለዚህ ነው የተናደድሽው። እሷ የማታውቀውን ታውቂያለሽ፣ ልትነግሪያት ግን አትችይም። እዚያ ያደረሰሽ ደራሲው ነው።

ሰውየውን መጥላትና መጽሐፉን መጥላት ይለያያሉ። ለመለየት እኔ የማየው ደራሲው ሰውየው የሠራውን ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። ወደ ገጹ ተመለሺና እናትየው ምን እንደምታደርግ እዪ። ዝም ብላ ታዳምጣለች? «አንብብልኝ፣ ድገምልኝ» ትላለች? ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ትከታለች? ደራሲው እሷን በደንብ ካያት፣ ውሸቱ ምን እንዳስከፈላት ያውቃል ማለት ነው። ያኔ ልጅየው ክፉ ቢሆንም መጽሐፉ ደህና ነው። እሷ ለልጅየው ጭንቀት ማሳያ ብቻ ሆና ከቀረች ግን ንዴትሽ ደራሲው ላይ ነው፣ ልክም ነሽ።

ያልተከፈተው ደብዳቤም አለ። ሰው ደብዳቤ የማይከፍተው ውስጡ ያለውን ሲጠረጥር ነው። ሰውየው ለእናቱ የዋሸው ለራሱ ከዋሸ በኋላ ነው። ይህ ይቅር አያሰኘውም፤ ግን ቀጣዩን ምዕራፍ ለማንበብ በቂ ምክንያት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ አንሺው። ደብዳቤው ይከፈት ይሆን የሚለው ጥያቄ እኔንም ይዞኛል።

ደግሞ ልጨምር፤ በልብ ወለድ ደግ ሰው ብቻ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ብዙ ይቀርበታል። እውነተኛ ሰው ላይ የማንታገሰውን ጥፋት እስከ ሥሩ ተከትለን የምናይበት ሌላ ቦታ የለንም።

«ሰው ሁሉ ያደነቀውን ልብ ወለድ መቶ ገጽ ሳልሞላ ተውኩት። ችግሩ የኔ ነው?»

የማንም አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 እ.ኤ.አ. አሥር የአንባቢ መብቶች ዘርዝሮ ነበር፤ ሦስተኛው መጽሐፍ ያለመጨረስ መብት ነው። ተወው። የቆምክበትን ገጽ ብቻ ምልክት አድርግበት፣ ከጊዜ በኋላ ልትመለስ ትችላለህ።

«አንድ ልብ ወለድ በትረካ ሰማሁ። ተራኪው ሴቶቹን በሙሉ በቀጭን፣ በሚያለቃቅስ ድምፅ ነው የሚያናግራቸው። ዋናዋ ሴት ሞኝ መሰለችኝ። መጽሐፉን ያነበበችው ልጄ ግን “እማዬ፣ እሷ እኮ ከሁሉም ብልጥ ናት” አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የደረሳችሁ ግን አንድ ሴት አይደለችም። ልጅዎን ያገኘቻት ደራሲው የጻፋት ናት። እርስዎን ያገኘችዎት ተራኪው የፈረደባት ናት።

ሴትዮዋ አንድ ቦታ «እሺ፣ እንዳልክ ይሁን» ትላለች እንበል። ወረቀት ላይ ይህ አባባል ድካም ሊሆን ይችላል፣ ንዴት ሊሆን ይችላል፣ «ቆይ ብቻ» የሚል ዕቅድም ሊሆን ይችላል። አንባቢ ሦስቱንም ይዞ መቆየት ይችላል። ተራኪ ግን አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። የሚያለቃቅስ ድምፅ ሲመርጥ ሦስቱም ጠፉ፤ የቀረችው የተሸነፈች ሴት ናት። ይህ መጥፎ ትረካ ነው፣ እርስዎም መናደድ ይገባዎታል።

ጥሩው ምን ያህል እንደሚያደርግ ደግሞ እናውቃለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ስንቱ ሰው የሱን ድምፅ ነው የሚሰማው። የጉዱ ካሳን ነገር በዓይኑ እያነበበ በጆሮው ወጋየሁን ይሰማል። እንደሱ ያለ ተራኪ የሰዎቹን ክብር አይነካም። ፊታውራሪውም አገልጋዩም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትንፋሽ አላቸው።

የልጅዎን መጽሐፍ ይዋሱና ሴትዮዋ የምትናገርበትን አንድ ገጽ በራስዎ ድምፅ ጮክ ብለው ያንብቡት። ወዲያው ትለወጥብዎታለች። ወደፊት ደግሞ ትረካ ከመጀመርዎ በፊት መግቢያውን ሳይሆን ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ ፈልገው አምስት ደቂቃ ይስሙ። የተራኪው ችሎታ የሚታወቀው እዚያ ነው።

«ትረካ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምሰማው። ታሪኩ ይገባኛል፣ ግን ምንም አይሰማኝም። ለምን?»

ታሪኩ የሚገባሽ ቃላቱ ስለሚደርሱሽ ነው። በእንግሊዝኛ በተደረጉ ጥናቶች ሰው ልብ ወለድ በልቡ ሲያነብ በደቂቃ 260 ቃል ገደማ ይሄዳል። ተራኪ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 160 ቃል ነው የሚለው። ስለዚህ ትንሽ ማፍጠን ነውር የለውም።

ፍጥነቱ የሚበላው ዝምታውን ነው። አንዱ «ትመጫለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተራኪው ሁለት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ «አልመጣም» ይመጣል። ያቺ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው አንቺ የምትፈሪው፣ የምትመኚው። ስታፈጥኚው መልሱ ከጥያቄው ጋር ይጣበቃል። መልክዓ ምድር ሲገለጽ፣ ጉዞ ሲተረክ አፍጥኚ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ወደ መደበኛው መልሺው።