ከአንጎል ወደ ጉበት ልዙር ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ማስተርስሽን በአይጥ ፅንስ የአንጎል እድገት ላይ ሠርተሻል። አሁን ሐረር ታስተምሪያለሽ። ውጭ ያገኘሽው የፒኤችዲ ቦታ ግን ጉበት ላይ ነው፤ «ያ ሁሉ ልፋቴ ውኃ ሊበላው ነው?» ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ሳይንሱን አትፍሪ። የሚፈራው የሰው ኃይል ቢሮው ነው።

1ኛ፦ የምታውቂው ነገር ጉበት ውስጥም ይጠብቅሻል። ሴሎች የሚነጋገሩባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ሰውነት እነሱኑ እያገላበጠ ይጠቀማል። በፈረንጆቹ 2002 የወጣውን የቼንና የዋልሽ ሥራ መቼም አንብበሻል። ቤታ ካቴኒን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን የበዛባቸው የአይጥ ፅንሶች አንጎላቸው ተለቀ፣ ለስላሳ መሆን የነበረበት ቅርፊትም ተጣጠፈ። ያው ቤታ ካቴኒን ጉበት ውስጥ ለሴሎቹ ሥራ ያከፋፍላል። ማዕከላዊውን ደም ሥር የከበቡት ሴሎች አሞኒያን ይዘው ግሉታሚን የሚሠሩት በሱ ትእዛዝ ነው። ኖች የሚባለው ሌላው የመነጋገሪያ መንገድም ያው ነው። አንጎል ውስጥ ግንድ ሴሉ (ገና ሥራው ያልተለየለት እናት ሴል) ቶሎ ወደ ነርቭ ሴል እንዳይቀየር ይይዘዋል፤ ጉበት ውስጥ የሐሞት ቱቦ እንዲበጅ ያደርጋል። ኖችን የሚቀሰቅሰው ጃግድ 1 የሚባለው ዘረመል ሲበላሽ፣ በዘር በሚመጣው የአላጂል ሕመም የሐሞት ቱቦ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

የሚያስደንቅሽ ጉበት ተቆርጦ ዳግም ማደጉ ነው። የበሰለ ነርቭ ሴል ለሁለት ተከፍሎ አይባዛም። የአይጥ ጉበት ግን ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ መጠኑን ይመልሳል። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ሳየው ሚዛኑን ነው የጠረጠርኩት። በማይክሮስኮፕ ለማየት ናሙና ስታቀልሚ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ጉበት ሳይቀለምም ራሱ ያበራል። አንቲቦዲ (የምትፈልጊውን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዘው ማቅለሚያ ፕሮቲን) ያልነካው ናሙና ሁሌ ጎን ለጎን ይኑርሽ።

2ኛ፦ የትምህርት ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ትምህርት ክፍልሽ «ዘርፉ ተዛማጅ ነው» ብሎ በቃለ ጉባኤ ያስፍርልሽ። በቃል አይሆንም። እኔ በጽሑፍ ስጠኝ ብዬው ኃላፊዬ «በኔ አትተማመንም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። የግቢውን ስም አልጠራም። ከዚያ ሰውዬው ተቀየረ፣ አዲሱ ደግሞ ስለ ጉዳዩ የሰማሁት የለም አለ። ፋይሌ ሰው ኃይል ሲደርስ አንዷ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «የላክንህ ለጭንቅላት፣ የሄድከው ለጉበት፤ ቀጥሎ ኩላሊት ልትል ነው?» አለች። ቢሮው በሳቅ ተንጫጫ። ደመወዜ ታገደ። እሱስ ይሁን፤ ዋስ የሆነኝን አጎቴን እየደወሉ አስጨነቁት። ሽማግሌው ምን በወጣው?

ፒኤችዲዬን ይዤ ስመለስ ረዳት ፕሮፌሰርነቴ «ሁለተኛውና ሦስተኛው ዲግሪ አይቀራረብም» ተብሎ ተንጠለጠለ። ያሳተምኩትን ሁሉ ይዤ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ማንም አልገለጠውም። ጸሐፊው «ደብዳቤ አለህ?» ብቻ ነው የሚለው። ከሰዓት ስመለስ ደግሞ ጫቱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። አቦ፣ የጉበት ጥናት ለአገር ምን ይጠቅማል ያለኝ እኮ እሱ ነው! እዚያው ሐረር፣ ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ላይ የተሠራውና በፈረንጆቹ 2018 የታተመው ጥናት 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የሚቅሙት ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ ይጋለጣሉ ብሏል። ጉበት የሚያጠና ሰው ለሐረርጌ ካልጠቀመ ለማን ይጠቅማል?

ነገሩን የፈታው የፈረንጅ አገር አማካሪዬ የጻፈችው አንድ ገጽ ነው። ማስተርሴ ላይ የተጠቀምኩበትን ዘዴ ከፒኤችዲው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችው፤ ያው ሞለኪውል፣ ያው አይጥ፣ ያው ማይክሮስኮፕ። ያን ካዩ በኋላ ማዕረጉን ሰጡኝ። ወደ ኋላ ያለው የደመወዝ ልዩነት ክፍያ ግን ቀረ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሁለቱንም አካል ያውቃሉ፣ በዚህ እኮራለሁ።

አንቺ አማካሪሽን አሁኑኑ፣ ገና ሳትሄጂ አስጽፊያት። መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂሽ ላይ ማኅተም አስመቺበት፤ «ጠፋ» ማለት ይወዳሉ። የኔን ደብዳቤ ማየት ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።