የካሜራ ቲኬት፦ ከመክፈልሽ በፊት ሁለቱን ፎቶ እዪ

እህቴ፣ «25 ማይል በሆነ ሰፈር ውስጥ 38 ነድተሻል የሚል የካሜራ ቲኬት በፖስታ መጣልኝ። እንደዛ አልነዳሁም። 40 ዶላሩን ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ልክ እንዳንቺው ደርሶብኝ ተከራክሬ አሸንፌያለሁ። ስለዚህ እንዳትከፍዪ! ከከፈልሽ ጥፋቱን አምነሻል ማለት ነው፤ ነገሩ እዛው ላይ ያልቃል።

1. አትደንግጪ። የወንጀል ክስ አይደለም። መንጃ ፈቃድሽ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ (ፖይንት) የለውም፤ ኢንሹራንስም በዚህ ሰበብ ሊጨምርብሽ አይችልም። ግን ዝም ብለሽ እንዳትተዪው፤ የመኪናሽን ምዝገባ ልታሳድሺ ስትሄጂ ኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ይይዝሻል።

2. ፎቶዎቹን በደንብ እዪ። ሕጉ ሰዓት የታተመባቸው ቢያንስ ሁለት ፎቶዎች እንዲኖሩ ያስገድዳል። የእኔዎቹ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት የተነሱ ነበሩ። በመጀመሪያው የኮሮላዬ አፍንጫ መብራት እንጨቱ ጋ ነው። በሁለተኛው ጭራዋ እዛው እንጨት ጋ ነው። ማለትም የሄደችው የራሷን ርዝመት ያህል ብቻ ነው፤ 15 ጫማ ገደማ። ይሄ በሰዓት 21 ማይል እንኳን አይሞላም። በ38 የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ 28 ጫማ ያህል ይጓዛል። ፎቶው ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ቫን ሲያልፍ ይታያል፤ ካሜራው የለካው የእሱን ፍጥነት ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ካሜራው ቲኬት የሚቆርጠው ከገደቡ በ12 ማይልና ከዚያ በላይ ሲታለፍ ነው። አንቺ ላይ የተጻፈው 13 ነው። ትንሽ ስህተት ብቻ ይበቃሻል።

3. ቢሮ ስትሄጂ ሕጉን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ስሌቴን ጽፌ ቲኬቱን ወደላከው ከተማ ቢሮ ሄድኩ። መስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ማሽን አይሳሳትም። ክፈል ወይ ፍርድ ቤት ሂድ» አለችኝ። ማሽን አይሳሳትም? እ.ኤ.አ. በ2012 ባልቲሞር ውስጥ ቆሞ ለነበረ መኪና የፍጥነት ቲኬት መላኩን ጋዜጣ አጋልጦ የለም እንዴ? ከተማው በዓመቱ ካሜራዎቹን ለማጥፋት ተገዷል። በ2014 የወጣው ሕግም ቅሬታ የሚመረምር፣ ቲኬቱ የተሳሳተ ከሆነም የሚሰርዝ ኃላፊ እንዲመደብ ያዛል። ያውም የካሜራው ኩባንያ ሠራተኛ መሆን አይችልም። ይሄንን ስነግራት «እንደዛ የሚባል ሰው የለም» አለች። ከዚያ አነጋገሬን ሰምታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል እየጎተተች ደገመችልኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የመክፈያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለዚህ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ኮፒውን ያዢ።

እኔ መልስ ስላልሰጡኝ ፍርድ ቤት ጠየቅኩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የካሜራው ኦፕሬተር እንዲቀርብ ከቀጠሮው ቢያንስ 20 ቀን ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ ሰውየው ሳይመጣ የፈረመው ወረቀት ብቻውን ማስረጃ ይሆንብሻል። የካሜራውን የዕለቱን የፍተሻ መዝገብና የዓመቱን የምርመራ ሰርተፊኬትም ጠይቂ። አማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል፤ ቀደም ብለሽ አስመዝግቢ፣ አትፈሪ። እንግሊዝኛ ብችልም እኔ አስጠርቻለሁ፤ በራስ ቋንቋ መከራከር ልብ ይሞላል። ዳኛዋ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ኦፕሬተሩን «መኪናው ስንት ጫማ ተንቀሳቅሷል?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። ነፃ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን መኪናውን ሌላ ሰው ይዞት ከነበረ «እኔ አልነበርኩም» ማለት ብቻ አይበቃም። የሾፌሩን ስምና አድራሻ ለፍርድ ቤቱ መስጠት አለብሽ። ሰው ወንድሙን እንዲያጋልጥ የሚያደርግ ሕግ ስለሆነ እኔ በግሌ አልወደውም። ካሜራው ይነሳ ግን አልልም፤ ልጆቼ በዛው መንገድ ነው የሚሻገሩት። የምለው በትክክል ይለካ፣ ሲጠየቅም መልስ ይስጥ ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች ታርጋሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ የመኪናሽን ሞዴልም ጻፊ። ዛሬ ማታ አብረን እናሰላዋለን።